የቲሸርት ጨርቅ ግራም ሳይቀለም በፊት ይታወቃል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ላስቀምጠው። ዱከም አካባቢ ባለ ፋብሪካ የኒቲንግ (በመርፌ ጨርቅ የሚሠራበት) ክፍል ጥራት ተቆጣጣሪ ነሽ። ትዕዛዙ ሲንግል ጀርሲ (ተራው የቲሸርት ጨርቅ) ነው፤ መቶ በመቶ ጥጥ፣ 30 ካውንት (የክሩ ቅጥነት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል)፣ ሲያልቅ 150 ጂኤስኤም (በአንድ ካሬ ሜትር 150 ግራም)። የማሽኑ ዲያሜትር 30 ኢንች፣ ጌጁ (በአንድ ኢንች ያለው መርፌ) 24፣ የሉፑ (መርፌው የሚሠራው የክር ቀለበት) ርዝመት 2.75 ሚሊሜትር። ጥሬው ጨርቅ ከማሽን ሲወርድ 128 ይመዝናል፣ ተቀልሞ ኮምፓክተር (ጨርቁን የሚሰበስበው የማጠናቀቂያ ማሽን) ሲያልፍ ግን 158 ሆኖ ይመጣል። ቴክኒሻኑ ካም (መርፌውን የሚያንቀሳቅሰውን የማሽኑን አካል) ሲያላላና ሲያጠብቅ ይውላል፣ ግራሙ ንቅንቅ አይልም። «ገና ማሽን ላይ እያለ መጨረሻውን ማወቅ አይቻልም ወይ?» ነው ያልሽው።

ይቻላል። ግን መጀመሪያ 128ቷን እርሻት።

ማሽኑ ጨርቁን ከሥር እየሳበ ስለሚጠቀልለው ሉፑ በቁመቱ ተለጥጦ ነው የሚወርደው። ውሃ ሲነካው፣ ሲታሽና ሲደርቅ ወደ ራሱ ቅርጽ ይመለሳል፤ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ግራሙም ይወጣል። ምን ያህል እንደሚሰበሰብ የሚወስነው መጠቅለያው የሳበው ኃይል ነው፣ እሱ ደግሞ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ በጥሬው ላይ «ይሄን ያህል ፐርሰንት ጨምር» እያሉ መገመት አንድ ቀን ይሳካል፣ በማግስቱ ጉድ ይሠራሻል።

ቀለም ክፍል ገብቶ ሲወጣ ብዙም የማይለወጠው የሉፑ ርዝመት ነው፤ ማለትም አንድ መርፌ አንዴ ሲሠራ የሚወስደው ክር። ሙንደን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ጨርቁ ውጥረቱን ከለቀቀ በኋላ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ስንት ሉፕ እንደሚኖር የሚወስነው የሉፑ ርዝመት ነው። ከዚያ የምትወጣው ስሌት ቀላል ናት። የክሩን ቴክስ (የ1000 ሜትር ክር ክብደት በግራም) በሉፑ ርዝመት በሚሊሜትር ታካፍያለሽ፣ በአንድ ቋሚ ቁጥር ታባዣለሽ፣ ግራሙ ወጣ። የጥጥ ሲንግል ጀርሲ ደጋግሞ ታጥቦ ጨርሶ ሲሰበሰብ ቁጥሩ 23 አካባቢ ነው። ፋብሪካ የሚያስረክበው ጨርቅ እዚያ ድረስ ስለማይሰበሰብ ያንቺ ቁጥር ከዚህ ያንሳል።

ያንቺን እናውጣ። ካውንትን ወደ ቴክስ የሚቀይረውን 590.5ን ለ30 ስታካፍዪ 19.7 ቴክስ ነው። 158 ሲባዛ በ2.75፣ ሲካፈል ለ19.7፣ 22 ይመጣል። የእናንተ ክርና የእናንተ ቀለም ክፍል ቁጥር ይቺ ናት። አሁን ወደ ኋላ ሂጂ፦ 22 ሲባዛ በ19.7፣ ሲካፈል ለ150፣ 2.89። የሉፑን ርዝመት 2.9 አድርጊው።

እዚህ ላይ ነው የካሙ ጉዳይ የሚመጣው። ማሽናችሁ ክሩን በቀበቶ የሚመግብ ፖዚቲቭ ፊደር ካለው፣ የሉፑን ርዝመት የሚወስነው የሚገባው ክር መጠን እንጂ ካሙ አይደለም። ካሙን ስታጠብቂና ስታላዪ የሚለወጠው የክሩ ውጥረት ብቻ ነው፤ ቴክኒሻኑ ቀኑን ሙሉ የደከመው ለዚህ ነው። የቀበቶውን ፍጥነት የሚወስነውን ፑሊ ቀይሩት። 24 ጌጅ በ30 ኢንች 2260 ገደማ መርፌ ነው፣ ስለዚህ በአንድ ዙር በአንድ ፊደር የሚገባው ክር ከ6.2 ሜትር ወደ 6.55 ሜትር መውጣት አለበት። መጀመሪያ ፑሊውን፣ ከዚያ ውጥረቱ እስኪስተካከል ካሙን።

ማረጋገጫው ደግሞ እጅሽ ላይ ነው። ጨርቁ ላይ 100 ዓምድ (ቁልቁል የወረደ የሉፕ መስመር) ቁጠሪ፣ በሁለቱም ጫፍ በቀጥታ ቁረጪ፣ መጨረሻ ከተሠራው ጠርዝ ጀምረሽ ረድፍ ረድፉን ምዘዢ። የወጣው ክር ዚግዛግ ነው፤ ዚግዛጉ እስኪጠፋ ብቻ አቅኚው፣ ከዚያ አልፈሽ ከሳብሽው ክሩ ራሱ ይለጠጣል። 29 ሴንቲሜትር ከሆነ 2.9 አገኘሽ። አንድ ረድፍ ለክተሽ አትተዪው፤ ተከታታይ ረድፎች የሚመጡት ከተለያየ ፊደር ስለሆነ አንዱ አጥሮ ከተገኘ ችግር ያለበትን ፊደር ያዝሽው ማለት ነው።

ካርቶኑ ላይ 30 ስለተጻፈ ክሩ 30 ነው አትበዪ። 100 ሜትር ጠቅልለሽ መዝኚው፣ 1.97 ግራም መምጣት አለበት። ክሩ 29 ሆኖ ከተገኘ ያለ ማንም ጥፋት ጨርቁ ላይ 5 ግራም ይጨመራል። እርጥበትም አለ። ጥጥ በ20 ዲግሪና በ65 ፐርሰንት እርጥበት 8.5 ፐርሰንት ያህል ውሃ ይይዛል፣ ከማድረቂያ ትኩሱን የወጣ ጨርቅ ግን ከዚያ ብዙ ያነሰ። ስለዚህ ቀለም ክፍል ወዲያው የመዘነውንና ላብራቶሪ አሳድሮ የመዘነውን አታወዳድሪ። ነጩንና ጥቁሩንም ለየብቻ ያዢ፤ ማንጣት ከጥጡ ክብደት ይቀንሳል፣ ጥቁር ቀለም ይጨምራል፣ 22ቷም አብራ ትለዋወጣለች።

አለቃሽ «ፑሊ ከምንቀይር ስቴንተሩ (ጨርቁን ወጥሮ የሚያደርቀው ማሽን) ላይ ወጠር አድርገን 150 እናምጣው» ሊልሽ ይችላል። እባክሽ እዚህ ላይ ጠንከር በዪ። በ2.75 የተሠራው ጨርቅ ጨርሶ ሲሰበሰብ 165 አካባቢ ይደርሳል። ተወጥሮ 150 ከሆነ 9 ፐርሰንት የሚሆን የጨርቁ ስፋት (ቁመት በወርድ) ገና ሊሰበሰብ ይጠብቃል፣ የሚሰበሰበውም ደንበኛው ቤት ነው። በ2.9 ከሠራችሁት የሚቀረው 4 ፐርሰንት ገደማ ነው። ወርዱም በሉፑ ርዝመት ልክ ይሰፋል፤ ጨርሶ የተሰበሰበው ከ148 ወደ 156 ሴንቲሜትር ስለሚወጣ ለቆራጮቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ማርከሩ (የመቁረጫ ንድፉ) መቀየሩ አይቀርም።

በኮምፒውተር የሚተነብይ ሞዴል እንግዛ ወይ ላልሽው፣ እሱም የሚማረው ከእናንተው መረጃ ነው። የትኛው ማሽን፣ የተለካ ካውንት፣ የሉፕ ርዝመት፣ ቀለም፣ ያለቀ ግራምና ወርድ፣ ሲታጠብ የተሰበሰበው፤ ይሄን በየሎቱ መዝግቢ። መዝገቡ ከሌለ የሚገዛው ሶፍትዌር ምንም አይጠቅማችሁም። ሪብና ኢንተርሎክ የተባሉትን ሌሎች የጨርቅ ዓይነቶች ስትሠሩም ይቺን 22 አትውሰጂ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር በዚሁ መንገድ አውጪለት።