ከአራጣ ዕዳ ወደ ገንዘብ አያያዝ አስተማሪነት

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከግለሰብ በወር 10 በመቶ ወለድ የተበደርኩትን ገንዘብ ዕቁብ ሲደርሰኝ እየከፈልኩ ለመጨረስ ተቃርቤአለሁ። ከዚያ ስለ ገንዘብ አያያዝ ማስተማርን ሙያዬ ለማድረግ አስባለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በወር 10 በመቶ በዓመት 120 በመቶ መሆኑን ብዙ ተበዳሪ ቆም ብሎ አያሰላውም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ ቀሪውን ከመክፈልዎ በፊት ውሉን ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ። ለማስተማሩ ከአዳራሽ ይልቅ የመሥሪያ ቤትዎ የቁጠባና ብድር ማኅበር ይሻላል (የአሠልጣኝነት ምስክር ወረቀቱ ቆይቶም ይደርሳል)፤ አባል ብድር ሊጠይቅ ሲመጣ የደመወዙን ተቀናሽ፣ የዕድሩንና የዕቁቡን መዋጮ፣ የቤት ኪራዩን አብረውት በወረቀት ያስፍሩ። ዕዳዎ ሳያልቅ ግን ሥራዎን አይልቀቁ።