መልስ፦ የአሸዋ ቅንጣት ሲደቅ በኮምፒውተር ማስመሰል

ሰላም ወንድሜ፣ «የተሰበረውን ቅንጣት በትንንሽ ኳሶች ልተካው ወይስ ከመጀመሪያው ኳሶችን አጣብቄ ልሥራው?» ላልከው (ኳስ የምንለው በኮምፒውተሩ ውስጥ ቅንጣትን የሚወክለውን ክብ ነገር ነው)፣ ላፕቶፕህ ደካማ ከሆነ መተካቱ ይሻልሃል። ማጣበቁ ስንጥቁን በደንብ ያሳያል፤ ግን ኳስ ይፈጃል። ኩንዳልና ስትራክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጡት፣ የእያንዳንዱን ኳስ እንቅስቃሴ በሚያሰላው ዘዴ፣ የጊዜ እርምጃውን (ስሌቱ በአንድ ጊዜ የሚራመደውን ቅጽበት) የምትወስነው ትንሿ ኳስ ናት፤ እሷ ባነሰች ቁጥር እርምጃው ያጥራል፣ ስሌቱም ይዘገያል። ስለዚህ «ከዚህ መጠን በታች አይሰበርም» የምትልበት ልክ አብጅ፤ አለዚያ ስታፈጥ ታድራለህ (ደርሶብኛል፣ ያውም ሊያልቅ ሲል መብራት ሄዶ!)።

ጥንካሬውን ለሁሉም እኩል አትስጥ። ትንሹ ቅንጣት ስንጥቅ ስለሚያንሰው ይጠነክራል፤ ትልቁን ደግሞ ደቃቁ ዙሪያውን ስለሚያቅፈው ጫናው ይከፋፈልለታል። የምትሠራው በባሕር ዳር ዙሪያ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ከሆነ፣ ቀዳዳ የበዛበት ነውና የወንዝ አሸዋ የጥንካሬ ቁጥር አይሆንለትም። ቅንጣቱን አንድ በአንድ በሁለት ብረት መሀል ጨፍልቀህ ለካ።