ወደ ቬንገን በባቡር፦ ከሰዓቱ በፊት የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። አራት ጓደኛሞች ናችሁ፣ ሁላችሁም ዙሪክ ትኖራላችሁ፣ በጥር ቬንገን በምትባለው የስዊዘርላንድ የተራራ መንደር ላይ የሚደረገውን የላውበርሆርን የስኪ ውድድር ማየት አምሯችኋል። መኪና እንከራይ ወይስ በባቡር? ብርዱ ይቻላል? ስኪ የማያውቅ ሰው አይሰለቸውም ወይ? ብለሻል። እኔ በርን ነው የምኖረው። ከጓደኞቼ ጋር በተለያዩ ዓመታት ሄጄ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

የመኪናውን ነገር ከወዲሁ እንተወው። ወደ ቬንገን የሚወጣ የመኪና መንገድ የለም። መኪና ይዞ የመጣውም ሰው ሸለቆው ውስጥ ላውተርብሩነን ላይ አቁሞ፣ እንደ እኛው ተሰልፎ፣ ያንኑ ባቡር ይሳፈራል። ለኪራይ ከፍሎ፣ ለማቆሚያ ከፍሎ፣ እንደገና ለባቡር መክፈል ምን ይሉታል? በዚያ ላይ ሹፌር የሆነው ጓደኛችሁ አንዲት ግሉህዋይን (ቅመም ያለው ትኩስ ወይን) እንኳ ሳይቀምስ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው "የስንት ሰዓቱን ባቡር እንያዝ?" ብሎ ነው። እኔ የምለው መጀመሪያ የት እንደምትቆሙ ወስኑ ነው። ትኬቱም፣ የመነሻ ሰዓቱም፣ ጫማው ሳይቀር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ እንደ ኳስ ሜዳ አንድ ቦታ ቁጭ ብለሽ ሁሉንም የምታይው ነገር አይደለም። የቁልቁለት ውድድሩ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ በስኪ ዓለም ዋንጫ ከሚደረጉት ሁሉ ረጅሙ ነው። 2,315 ሜትር ከፍታ ላይ ይነሱና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደው ቬንገን መንደር ጫፍ ላይ ይጨርሳሉ። ጎበዞቹ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅባቸዋል። የትም ብትቆሚ ከዚያ ውስጥ በዓይንሽ የምታይው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ሌላውን በትልቁ ስክሪን ትከታተያለሽ።

መጨረሻው ላይ ከቆማችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ከቬንገን ጣቢያ በእግር ትደርሳላችሁ፤ ምግቡ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስክሪኑ፣ ጩኸቱ ሁሉ እዚያ ነው። ከመስመሩ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ መታጠፊያ፣ ሲል-ኤስ የሚሏት፣ ቀልድ አይደለችም። ሰውየው ከሁለት ደቂቃ በላይ ሲወርድ ቆይቶ እግሩ ዝሏል፤ በዚያ ጉልበት ነው የሚታጠፈው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኖርዌጂያዊው አሌክሳንደር ኦሞት ኪልደ ክፉኛ ወድቆ የተጎዳው እዚያ ነው። በዚያው ቀን ስዊዛዊው ማርኮ ኦደርማት ሲያሸንፍ ደግሞ የስዊዞቹን ጩኸት መስማት ነበር። ከሩቅ ስታያቸው ዝምተኛ የሚመስሉት ሰዎች የላም ቃጭል ይዘው መጥተው ጆሮ ያደነቁራሉ።

ሁለተኛው ቦታ ሁንድሾፕፍ ነው። ከዓለት አጠገብ ባለች ጠባብ ቦታ ዘለው የሚወርዱባት ናት። በቴሌቪዥን የምታያት ቁልቁለት ውሸት ነች ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ካሜራ ሜዳ ያስመስላታል። አጠገቧ ስትቆሚ ግን ሰው በእግሩ የሚወርድባት አትመስልም። ከሁሉ የማይረሳኝ ድምፁ ነው። መጀመሪያ ከላይ በኩል የቃጭሉ ጩኸት ይመጣል፤ ያኔ ሰውየው እንደተቃረበ ታውቂያለሽ። ከዚያ ስኪው ደረቁን በረዶ ሲፍቅ ይሰማል፤ በቢላዋ ጠንካራ ነገር እንደ መላጥ ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ለአፍታ ጸጥ። አየር ላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ ዷ! ብሎ ያርፋልና ይጠፋል። ፎቶ ላንሳ ያለ ሰው ባዶ በረዶ አንስቶ ይመለሳል።

ሦስተኛው ቦታ ቫሰርስታትሲዮን የሚሉት ሲሆን፣ ለባቡር ወዳጅ እንደሱ ያለ የለም። እዚያ ጋ ተወዳዳሪዎቹ በባቡሩ ድልድይ ሥር ነው የሚያልፉት። ሐዲዱ ከላይ፣ ስኪው ከታች። ከዚያ ወረድ ብሎ ሃኔግሹስ የሚባል ቀጥ ያለ ቁልቁለት አለ። ፈረንሳዊው ዮሃን ክላሬ እ.ኤ.አ. በ2013 በሰዓት 161.9 ኪሎ ሜትር ሲበር የተለካው እዚያ ነው። አውራ ጎዳና ላይ በመኪና እንኳ ብትሞክሪው ፖሊስ የሚያስቆምሽ ፍጥነት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቡድን የእኔ ምርጫ ሁንድሾፕፍ ነው። ግን አንድ ሁኔታ አለው፦ ከአራታችሁ ብርድ የማይችል ሰው ካለ ተዉት። ላይ ከወጣችሁ በኋላ "ደከመኝ፣ ቶሎ እንውረድ" የሚል ሰው ካለ ለሁላችሁም ቀኑ ይበላሻል። ሁለት ሁለት ሆኖ መለያየትም ነውር የለውም። ማታ በባቡሩ ውስጥ የምታወሩት ይበዛላችኋል።

አሁን ወደ ባቡሩ። ከዙሪክ ቬንገን ሦስት ሰዓት አይሞላም። ብዙውን ጊዜ በርን ላይ ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ በቱንና በሽፒትስ በኩል ኢንተርላከን ትደርሳላችሁ። ከቱን በኋላ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ሐይቁ በዚያ በኩል ነው። ኢንተርላከን ሁለት ጣቢያ አለው። መጀመሪያ የሚመጣው ቬስት ነው፤ እዚያ አትውረዱ። መውረጃችሁ ቀጣዩ፣ ኦስት የሚባለው ነው።

ኦስት ላይ ወደ ትንሹ የተራራ ባቡር ትሻገራላችሁ። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። ያ ባቡር ስቫይሉቺነን በምትባል ጣቢያ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ወደ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። ፉርጎው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትግቡ። አራታችሁ እየተሳሳቃችሁ ሁለት በር ብትገቡ፣ ሁለታችሁ አንድ ሸለቆ ሁለታችሁ ሌላ ሸለቆ መገኘታችሁ ነው። ላውተርብሩነን ላይ ደግሞ እንደገና ቀይራችሁ ጥርስ ባለው ሐዲድ የሚወጣውን ባቡር ትይዛላችሁ። ይህ መስመር እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ያለ ነው። ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ቬንገን ያደርሳችኋል። ሁንድሾፕፍ ከመረጣችሁ በዚያው መስመር ወደ ላይ ትቀጥሉና ቬንገርናልፕ ወርዳችሁ በበረዶ ላይ በእግር ትሄዳላችሁ። በውድድሩ ቀን የባቡሩ ፕሮግራም ስለሚቀያየር የት እንደሚቆም ሠራተኞቹን ጠይቁ፤ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው በየቦታው አሉ።

የመነሻውን ሰዓት እንግዲህ ከዚህ አስሉት። የቅዳሜው ቁልቁለት አብዛኛውን ጊዜ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። መጨረሻው ላይ ለምትቆሙ ከዙሪክ ንጋት 12 ሰዓት ብትነሱ ይበቃል። ላይ ለምትወጡ ግን ከዚያም ይቅደም። አሥራ ሁለት ሰዓት ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእነሱ ስድስት ሰዓት። ግሩፕ ላይ ስትጻጻፉ ይህን ግልጽ አድርጉት፣ ወዳጅነት ያፈርሳል። ቀጠሮውንም "ባንሆፍ (ጣቢያ) እንገናኝ" አትበሉ። ባቡሩ ውስጥ፣ ይኼኛው ፉርጎ ብላችሁ ቅጠሩ። በሐበሻ ቀጠሮ የሚመጣው ጓደኛችሁ እየሮጠም ቢሆን ይደርሳል። ካልደረሰም ሦስታችሁ አትቀሩም።

ትኬቱ ላይ ብዙ አላወራም። ሃልብታክስ የሚባለው የግማሽ ዋጋ ካርድ ከሌላችሁና እዚህ አገር የምትኖሩ ከሆነ ለዚህ ጉዞ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ያዋጣችኋል። ቀድማችሁ ከገዛችሁ ቅናሽ ያለው የቀን ትኬት አለ፤ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። አራታችሁም ከ25 ዓመት በታች ከሆናችሁ ደግሞ እስከ አራት ሰው አብሮ የሚጓዝበት የወጣቶች የቀን ትኬት ስላለ ጠይቁ። የቀን ትኬቱ የሚያገለግለው እስከ ቬንገን ነው። ከዚያ በላይ የተራራው ባቡር ለብቻው ይከፈላል። የውድድሩ መግቢያም ሌላ ነው።

ብርዱን ጠይቀሻል። ብርዱ እግር ላይ ነው። ጃኬት ሁሉም ሰው ያስባል፤ የሚያስለቅሰው በረዶ ላይ አራት ሰዓት መቆሙ ነው። ሁለት ካልሲ ደርባችሁ ጫማው ከጠበበ ይብሳል፣ ደም አይዘዋወርም። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ላላ ያለ ቦት ጫማ ይሻላል። አንድ ጓደኛዬ ሁልጊዜ ካርቶን አጣጥፎ በቦርሳው ይይዛል። መጀመሪያ ስቀንበት ነበር። ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሁላችንም በየተራ ካርቶኗ ላይ ለመቆም ስንለምነው ነበር። ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ውስጥ አድርጉት፣ ባትሪው በብርድ ይሞታል። ከንፈር ይሰነጠቃልና ቫዝሊን አትርሱ። ፀሐይ ከወጣች ደግሞ የፀሐይ መነጽር የግድ ነው። "እኛ ጥቁሮች ፀሐይ ምን ያደርገናል" የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ ከበረዶ ላይ የሚመለሰው ብርሃን ዓይኑን ሲያስነባው ያኔ ይገባዋል።

ስለ ምግብ፦ ውድድሩ በጥር አጋማሽ ስለሚውል ከእኛ በዓል ጋር ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ2025 የቅዳሜው ቁልቁለት ልክ ከተራ ላይ ዋለ፤ የእሑዱ ስላሎም፣ በእንጨቶች መሐል እየተጠማዘዙ የሚወርዱበት ውድድር፣ ደግሞ ጥምቀት ላይ። ዓርብም እኮ ሱፐር-ጂ የሚባል ሌላ ውድድር አለ። የምትጾሙ ከሆነ ገሃዱን አስቡበት። እዚያ የሚሸጠው ቋሊማና ራክሌት (የቀለጠ አይብ) ነው፤ የጾም ነገር ብትፈልጉ ከድንች ጥብስ ብዙም አታልፉም። ዋጋውም የተራራ ዋጋ ነው። ስለዚህ ቆሎ ቋጥራችሁ፣ አፈ ሰፊ ፔርሙስ ውስጥ ትኩስ የምስር ወጥ ይዛችሁ ሂዱ። ባቡር ውስጥ መብላት ክልክል አይደለም። ክዳኑ ሲከፈት ፉርጎው በሙሉ ዞር ብሎ ያያችኋል፣ ግድ የለም። በዓሉን በቤተ ክርስቲያን ማክበር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ካላንደሩን አይታችሁ ዓርብን ምረጡ። ሱፐር-ጂው አጠር ይላል፣ ሕዝቡም እንደ ቅዳሜው አይደለም።

አንድ ነገር ማንም አይነግራችሁም። ቅዳሜ አየሩ ጥሩ ከሆነ ፓትሩይ ስዊስ የሚባሉት የአየር ኃይል ጄቶች ትርኢት ያሳያሉ። ተራራ ለተራራ ዝቅ ብለው ድንገት ከኋላ ይመጣሉ፤ ድምፁ ከአይገር ተራራ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ከመካከላችሁ የጦር አውሮፕላን በሌላ ቦታ፣ በሌላ ጊዜ የሰማ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። አብራን የነበረች አንዲት ልጅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጄን አልለቅ ብላ ነበር። አሁን ፕሮግራሙን ቀድመን እናያለን፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ሻይ ቤት እንገባለን።

ስኪ ለማያውቅ ይሰለቻል ወይ ላልሽው፣ እኔም ስኪ አልችልም። ታዋቂዎቹ መጀመሪያ ከሚወጡት 15 እና 20 ሰዎች ውስጥ ናቸው። እስከዚያ ልብ ይሰቅላል፣ ከዚያ በኋላ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ይረዝማል። ያኔ ጨዋታው ከጎረቤት ጋር ነው። "ኢትዮጵያ በረዶ አለ እንዴ?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሏል በሏቸው። አብዛኞቹ አያውቁም፣ ወዲያው ስልክ ያወጣሉ።

መመለሻው ከመሄጃው ይከብዳል። ቬንገን 1,300 ገደማ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት፤ በጥሩ ዓመት ቅዳሜ ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ተመልካች ይመጣባታል። ከዚያ ሁሉ ሰው ብዙው የሚወርደው በአንድ ሐዲድ ነው። ስለዚህ ወይ ታዋቂዎቹ እንደጨረሱ ውልቅ በሉ፣ ወይ ሽልማቱን አይታችሁ፣ በልታችሁ ጠጥታችሁ ከመሸ ውረዱ። መሐል ላይ የሚመጣ ሰው ነው ሰልፍ ላይ የሚደርቀው። ማደር ከፈለጋችሁ ቬንገን ሆቴል በጣም ቀድሞ ይያዛል፤ ኢንተርላከን ይቀላል።

የአየሩ ነገር ቀርቷል። ጭጋግ ወይም ነፋስ ካለ መነሻውን ዝቅ ያደርጉታል፣ ቀን ያቀያይራሉ፣ ሲብስም ይሰርዙታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቁልቁለቱ በበረዶ ብዛት ቀርቷል፤ በ2021 ደግሞ በኮሮና ሁሉም ተሰርዟል። ስለዚህ ማታም ጠዋትም የውድድሩን ገጽ እዩ። ቅናሽ ያለው የቀን ትኬት ገንዘቡ ስለማይመለስ "ቢሰረዝስ?" ብላችሁ እስከ መጨረሻው ሳምንት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። እኔ ቀድሜ ነው የምገዛው። ከተሰረዘም እዚያው ሸርተቴ ተከራይተን እንንሸራተታለን። የየትኛው ቀን እንደሆነ ስትወስኑ እዚሁ ጻፊልኝ፤ እኛም ከበርን የምንነሳ ሦስት ሰዎች አለን፣ በአንድ ፉርጎ እንገናኝ ይሆናል።