አሳማ መሳዩ ፔካሪ፦ ጥያቄዎችና መልሶች

የምኖረው በአሪዞና፣ ቱሳን ከተማ ዳርቻ ነው፤ ሙያዬም የሥነ ሕይወት መምህርነት ነው። ከደጄ ያነሣሁትን የፔካሪ መንጋ ፎቶግራፍ ያዩ ወገኖች ብዙ ጥያቄዎች ስላቀረቡልኝ እዚህ በአንድነት እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ከርከሮ መስሎኝ ነበር። የአሜሪካ ከርከሮ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ ነገር ግን በዚህ የተሳሳቱት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ስፔናውያንም ከአገራቸው የዱር አሳማ ጋር አመሳስለው «ሃቬሊና» ብለውታል፤ በአሪዞናና በቴክሳስ እስከ ዛሬ የሚጠራውም በዚሁ ስም ነው። ከርከሮ፣ የቤት አሳማና የአውሮፓ የዱር አሳማ የአንድ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ፣ ፔካሪ ግን የዘር ሐረጉ ከእነርሱ ከተለየ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የሆነው፣ ራሱን የቻለ ሌላ ቤተሰብ ነው። በአሜሪካ ምድር እውነተኛ አሳማ ጨርሶ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹን በ1493 በሁለተኛው ጉዞው በመርከብ ጭኖ ያመጣቸው ኮሎምበስ ነው። ስለዚህ ዛሬ በቴክሳስ እርሻ የሚያወድመው የዱር አሳማ ከውጭ የመጣ ሲሆን፣ ፔካሪ ግን የአገሩ ተወላጅ ነው። ሰዎች ሁለቱን አደባልቀው የአንዱን ጥፋት በሌላው ሲያላክኩ ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር እናደዳለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን ይለያል?

መልስ፦ ክራንቻውን ይመልከቱ። የከርከሮ የላይኛው ክራንቻ ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ላይ ይቆለመማል፤ የፔካሪው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑ፣ አፉን በከፈተና በዘጋ ቁጥር ከታችኛው ጋር እየተፋተገ ቢላዋ በሞረድ እንደሚሳል ሁልጊዜ ስል ሆኖ ይኖራል። ጭራው በጠጉሩ ውስጥ ተደብቆ የማይታይ ሲሆን፣ በኋላ እግሩም እንደ አሳማ አራት ሳይሆን ሦስት ጣቶች አሉት።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የሚያሳውቀው ሽታው ነው። ከጭራው ከፍ ብሎ ጀርባው ላይ ቅባት የሚያመነጭ ዕጢ አለው። ሁለት ፔካሪዎች ሲገናኙ የአንዱ ራስ በሌላው ጭራ በኩል ሆኖ ጎን ለጎን ይቆሙና፣ እያንዳንዱ ጉንጩን በጓደኛው ዕጢ ላይ ያሻል፤ በዚህም መንጋው በሙሉ አንድ ዓይነት ጠረን ይይዛል። ዐይናቸው ደካማ ስለሆነ የራሳቸውን ወገን ከባዕድ የሚለዩት በዚሁ ጠረን ነው። እኔም ማለዳ ቆሻሻ ላወጣ ስል በመስኮት ከማየቴ በፊት በአፍንጫዬ ያወቅኋቸው ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ፊኒክስ ነው የምኖረው፤ ልጆችና ውሻ አሉኝ። አደገኛ ነው?

መልስ፦ ሰውን አሳድዶ የሚያጠቃ አውሬ አይደለም። ሲደነግጥ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ አጥርቶ ስለማያይ ግን አንዳንዱ ወደ ሰው የሚሮጥ ይመስላል። የሚያሰጋው ውሻ ነው፤ ምክንያቱም ፔካሪ ውሻን እንደ ጠላቱ እንደ ካዮቲ (ቀበሮ መሳይ የአሜሪካ አውሬ) ስለሚቆጥረው፣ በተለይ ግልገል ካለው ይፋለመዋል። ጥርሱን ሲያንቋቋ ከሰሙ ውሻዎን ይዘው ይመለሱ። ምግብ አይስጡት፤ በእርስዎ አካባቢ ይህ በሕግ የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ በዚያ በረሃ ምን በልቶ ይኖራል?

መልስ፦ ዋናው ቀለቡ እኛ በለስ የምንለው ቁልቋል ነው፤ ከነእሾኩ ያኝከዋል፤ ቅጠሉ ውሃ ያዘለ በመሆኑም በደረቁ ወራት ጥሙን ይቆርጥለታል። ሥርና የግራር ዘርም ይበላል። በ2023 በዚሁ በአሪዞና በሴዶና ከተማ የሚገኝ የጎልፍ ሜዳ ሣር ተገልብጦ የታየበት ተንቀሳቃሽ ምስል ብዙዎችን አነጋግሮ ነበር፤ ያን ያደረጉት ከሣሩ ሥር ትል የሚፈልጉ ፔካሪዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሆዱ እንደ ከብት የተከፋፈለ ነው ሲባል ሰማሁ። እንዲህ ከሆነ መብላት ይፈቀዳል ማለት ነው?

መልስ፦ ስለ ሆዱ የሰሙት እውነት ነው፤ ጨጓራው በርካታ ክፍሎች አሉት፤ ከፊተኞቹም ውስጥ ተክል በረቂቅ ተሕዋስያን ይብላላል። ሆኖም የዋጠውን ወደ አፉ መልሶ አያመሰኳም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ደግሞ ሰኮናው መሰንጠቁና ማመስኳቱ አብረው የተጠየቁ ስለሆኑ፣ በዚህ መስፈርት ከአሳማ አይሻልም። ከዚህ ያለፈውን ለአባቶች እተወዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስንት ዓይነት ነው?

መልስ፦ ሦስት። በእኛ አካባቢ ያለው በአንገቱ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ያለው ሲሆን፣ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ይገኛል። ሁለተኛው፣ ነጭ ከንፈር የሚባለው፣ በዝናባማ ደኖች እስከ 300 በሚደርስ መንጋ እየተጓዘ የዘንባባ ፍሬ በመንጋጋው ይሰብራል።

የሦስተኛው ታሪክ ከሁሉ ይገርማል። ይህ የቻኮ ፔካሪ (ቻኮ በፓራጓይ፣ በቦሊቪያና በአርጀንቲና የተዘረጋ ደረቅ የደን ምድር ነው) በ1930 በአርጀንቲና ከተገኘ ቅሪተ አካል ተነሥቶ ስም የወጣለት ሲሆን፣ ሳይንስም ከምድር ከጠፋ ረጅም ዘመን እንደሆነው ይቆጥረው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ራልፍ ዌትዝል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፓራጓይ በሕይወት እንዳለ አረጋገጠ፤ ግኝቱም በ1975 ታተመ። «ግኝት» የሚለው ቃል ለእኔ እምብዛም አይዋጥልኝም፤ የቻኮ ነዋሪዎች «ታጉዋ» የሚል ስም ሰጥተውት ሲያድኑትና ሲበሉት የኖሩ ናቸውና። ዛሬ ደረቁ ደን ለከብት ግጦሽና ለአኩሪ አተር እርሻ ስለሚመነጠር በእርግጥ ሊጠፋ ተቃርቧል።

ጥያቄ፦ ለሞተ ጓደኛቸው ያለቅሳሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የታየውን ልንገርዎት። በ2017 በአሪዞና ፕሬስኮት አጠገብ አንዲት ፔካሪ ሞተች፤ የ8 ዓመት ልጅም ለትምህርት ቤት የሳይንስ ሥራው በሬሳዋ አጠገብ በእንቅስቃሴ የሚነሣ ካሜራ ተከለ። የመንጋው አባላት ለ10 ቀናት ያህል እየተመላለሱ በአፍንጫቸው ሲገፏት፣ ሊያስነሷት ሲሞክሩ፣ አጠገቧ ሲተኙና ካዮቲዎችን ሲያባርሩ ተቀርጸዋል፤ ውጤቱም ከተመራማሪዎች ጋር በሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። ኀዘን ብዬ ለመሰየም እጠነቀቃለሁ፤ ሌላ ስም ስጠው ብባል ግን የለኝም። በመጨረሻ ካዮቲዎቹ ሬሳዋን በሉት፤ መንጋውም ከዚያ በኋላ ወደ ስፍራው አልተመለሰም።