ስምንት ወር አንብበሽ አፍሽ ለምን ተያዘ?

ሰላም እህቴ፣

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ሂሳብ ክፍል ሦስት ዓመት ሠርተሻል። እዚያው መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ቦታ ተከፈተ። ለኤምቢኤ (ለቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) የሚሆን ገንዘብ ስለሌለሽ የቢዝነስ ስኩል መምህራን በነፃ የሚያወጧቸውን ጽሑፎች ስምንት ወር አነበብሽ። ኢንተርቪው ላይ «ሰው መምራት ትችያለሽ?» ሲሉሽ ግን አፍሽ ተያዘ። ቦታው ለሌላ ሰው ሄደ።

በነፃ መማርሽ አያሳፍርሽ። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ማስታወሻዎቹን በነፃ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ የማኔጅመንት ኮርሶቹም እዚያው አሉ። ዋርተንና ኢንሲያድ የሚባሉት የቢዝነስ ስኩሎች መምህራንም ጥናታቸውን ባጭሩና በቀላል ቋንቋ ይጽፋሉ። የምንጭ ችግር የለብሽም።

ያነበብሽውን ዝርዝር ሳየው ግን አንዱ ከአንዱ አይገናኝም። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር የማይክል ፖርተር አምስቱ የውድድር ኃይሎች ግሩም ሐሳብ ነው። ነገር ግን በአንድ የንግድ ዘርፍ ውስጥ ስላለ ውድድር ነው የሚያወራው። አንቺ ልትመሪ የፈለግሽው አራት ሰው ነው። የሚያስጨንቅሽ ሪፖርት የሚያዘገየው ልጅ ነው እንጂ የገበያ ውድድር አይደለም።

ስለዚህ አንድ ችግር ብቻ ያዢ። ለምሳሌ የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ያገኘችውን ውሰጂ። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ነገሩ ሲጣራ፣ ስህተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው እንጂ የባሱ ሆነው አይደለም። ይሄ ለሂሳብ ሰው ወርቅ ነው። ወር ሲዘጋ የተሳሳተ ምዝገባ የሚደብቅ ሰው ሁሉን እንደሚያስመሽ አንቺም ታውቂያለሽ።

አሁን አለቃሽን አንድ ትንሽ ኃላፊነት ጠይቂ፤ የባንክ ሂሳብ ማስታረቁን (መዝገባችሁን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩን) ከሁለት ባልደረቦችሽ ጋር አንቺ አስተባብሪው። ሥራው ሲጀመር ባለፈው ወር የተሳሳትሽውን ራስሽ ተናገሪ። እነሱ ዝም ካሉ ዝም አሉ፤ እሱም ትምህርት ነው። ማታ ግማሽ ገጽ ጻፊ፦ ምን አነበብኩ፣ ምን ሞከርኩ፣ ምን ሆነ። ሦስት ወር እንዲህ ካደረግሽ ኢንተርቪው ላይ «አነበብኩ» አትይም፤ የሆነውን ትተርኪያለሽ። ያልተሳካውንም አትዝለዪው፤ ጠያቂዎች ጆሯቸውን የሚሰጡት እሱ ላይ ነው።

ኤምቢኤ የሌለሽ መሆኑ ከሆድሽ አልወጣ ካለሽ ሄንሪ ሚንትዝበርግን አንብቢ። ራሱ የማኔጅመንት ፕሮፌሰር ሆኖ፣ አመራር በዋናነት የሚለመደው በሥራ ነው ብሎ ኤምቢኤን ሲተች የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት አምስት ሥራ አስኪያጆችን አንዳንድ ሳምንት እየተከታተለ አይቷቸዋል። ከሚሠሯቸው ነገሮች ግማሽ ያህሉ ከዘጠኝ ደቂቃ በታች የሚያልቁ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ተረጋግቶ የሚያቅድ አለቃ አላገኘም። (እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የተጽናናሁት።)

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ማስታወቂያው «ኤምቢኤ ግዴታ ነው» ካለ ንባብሽ አይተካውም፤ ጊዜሽን አታባክኚ። የውስጥ ዕድገት ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ሥራሽን ያዩ ሰዎች ናቸው የሚወስኑት።

ሰርተፊኬት ልክፈል ወይ ላልሽው፦ ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ የዚህን ወር ሂሳብ ዝጊና ግማሽ ገጹን ላኪልኝ።