በናዚ ካምፕ ማርገዝና መውለድ፦ አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ሂሩት ትመልሳለች

ሲስተር ሂሩት፦ ካምፑንና ዓመቱን ሳትጠቅሱ እንዳትጠይቁኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ማክዳ፦ ሲስተርዬ፣ በ1944 ኦሽዊትዝ (ናዚዎች በያዟት ፖላንድ የነበረው ካምፕ) የደረሰች ነፍሰ ጡር ምን ይገጥማት ነበር?

ሲስተር ሂሩት፦ አይሁዳዊት ከሆነችና ሆዷ ከገፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከባቡር እንደወረደች ወደ ጋዝ ክፍል። ያልታወቀባት ለሥራ ትመረጥ ነበር።

ዮናስ፦ እዚያ የሚያዋልዳቸውስ ማን ነው?

ሲስተር ሂሩት፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ስታኒስዋቫ ሌሽቺንስካ፣ ፖላንዳዊት አዋላጅ። እሷም እስረኛ ናት፤ በ1943 ነው የገባችው። በራሷ ምስክርነት ከ3,000 በላይ ሕፃናት አዋልዳለች። ማዋለጃዋ ምን መሰላችሁ? በባራኩ (በእስረኞቹ ማደሪያ) መሀል የተዘረጋ የጡብ ምድጃ። ወላዷ ከአፏ ቀንሳ ዳቦዋን በአንሶላ ትለውጣለች። አንሶላው ተቀዶ ሽንት ጨርቅ ይሆናል። በዚያ ቆሻሻ መሀል፣ በወሊድ ላይ አንዲት እናት እንኳ እንዳልሞተችባት ለካምፑ ሐኪም ተናግራለች። የሙያ ጓደኞቼ፣ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሕፃናቱን ግደዪ ስትባልም እምቢ አለች። ሌሎች ግን በርሜል ውስጥ ይደፍቋቸው ነበር። ከ1943 አጋማሽ በኋላ አይሁድ ያልሆኑትን መድፈቅ ቢቀርም፣ አብዛኞቹን ረሃብና ብርድ ጨረሳቸው።

በረከት፦ ስንት ሕፃን ተረፈ?

ሲስተር ሂሩት፦ የት? መቼ?

ሶስና፦ ዶክተር ጊዜላ ፐርል ግን ታስወርድ ነበር አይደል? ኦሽዊትዝ፣ 1944።

ሲስተር ሂሩት፦ አዎ። አይሁዳዊት የማህፀን ሐኪም ነበረች። በድብቅ፣ ያለ መሣሪያ።

በረከት፦ ያው ነፍስ ማጥፋት ነው።

ሶስና፦ ባታስወርድ እናትየዋም ትሞት ነበር እኮ!

በረከት፦ ሌሽቺንስካ እምቢ ብላ የለ እንዴ?

ሶስና፦ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ሲስተር ሂሩት፦ ኧረ ተዉ! ፖላንዳዊቷ ወልዳ በሕይወት መቆየት ትችል ነበር። አይሁዳዊቷ ማርገዟ ከተነቃባት አለቀላት። ፐርል እጅ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ሁለቱን ሴቶች አታፎካክሩብኝ።

ማክዳ፦ በሕይወት የወጣ አይሁዳዊ ሕፃን የለም?

ሲስተር ሂሩት፦ አለ። ጀርመን ውስጥ በዳካው ካምፕ ሥር በነበረው በካውፌሪንግ ካምፕ፣ በ1944/45 ክረምት 7 የሃንጋሪ አይሁዳውያን እናቶች ወልደዋል። ሰባቱም ልጆች ተርፈዋል።

በረከት፦ እሺ፣ በጠቅላላው ስንት ተረፈ?

ሲስተር ሂሩት፦ በረከት! ካምፑን ጻፍ፣ ዓመቱን ጻፍ!

በረከት፦ ራቨንስብሩክ፣ ጀርመን ያለው የሴቶች ካምፕ፣ ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ።

ሲስተር ሂሩት፦ እንዲህ ነዋ የሚጠየቀው። ከ500 በላይ ልደት ተመዝግቧል። የተረፉት ጥቂት ናቸው።