“ስፒክ አፕ” ሲለኝ ሆዴን ዘረገፍኩለት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፤ ቡና መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው አንድ የውጭ አገር ገዢ ደወለ። አለቃዬ ስላልነበረ ስልኩን እኔ አነሳሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ትንሽ እንዳወራን “ኩድ ዩ ስፒክ አፕ ፕሊስ?” አለኝ። ኮርስ ስማር “ስፒክ አፕ” ማለት የሚሰማህን በግልጽ ተናገር ማለት ነው ተብያለሁ። እኔም ሰውዬው የሆነ ነገር ጠርጥሯል ብዬ፣ ጥቂት ጆንያ ቡና ዝናብ ነክቶት እንደገና አስጥተን እንዳደረቅነው ነገርኩት። እሱ ለካ ድምፄ አልሰማ ብሎት ነው! አለቃዬ እስካሁን አኩርፎኛል። ለመሆኑ የዚህ ቃል ትርጉም ስንት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሳቅ ገደልከኝ። (ድምፅህ አልሰማው ያለ ሰው የቡናውን ጉዳይ እንዴት ጥርት አድርጎ ሰማው?) ኮርስህ አልዋሸህም፣ ግማሹን ነው የነገረህ።

እስቲ ባጃጅ ውስጥ ነህ እንበል። ሙዚቃው ተለቋል። አንተ ከኋላ ሆነህ በለሆሳስ “ወራጅ አለ” ትላለህ፣ ሹፌሩ ፈረንጅ አራዳን አልፎ ይነዳል። አጠገብህ ያሉት እናት “ልጄ፣ ጮክ በል እንጂ!” ይሉሃል። “ስፒክ አፕ” ማለት ይኸው ነው። “አፕ” ወደ ላይ ነውና ድምፅህን ከፍ አድርግ ማለት ነው፤ ስለ ሹፌሩ ያለህን አስተያየት ማንም አልጠየቀህም።

አሁን ሹፌሩ ከታሪፍ በላይ ጠየቀ እንበል። ሁሉም ተሳፋሪ በሆዱ እያጉረመረመ መስኮት መስኮቱን ያያል፣ እኚያ እናት ግን “ይሄማ ልክ አይደለም” ብለው ተናገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ እንዲያውም ቀስ ብለው ነው ያሉት። ይሄም “ስፒክ አፕ” ነው፣ አንተ የተማርከው። በእኛ ቋንቋ አፍ አውጥቶ መናገር የምንለው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብለን ላደግን ሰዎች ይሄኛው ትንሽ ይከብደናል። ለራሳቸው ሳይሆን ብዙ ለተጠየቀ ተማሪ ተሟግተው ከሆነ ደግሞ “ፎር” ይጨመርበታል፦ “ሺ ስፖክ አፕ ፎር ሂም”፣ ተናገረችለት እንደማለት።

“ስፒክ አውት” ስትሰማ እንዳትደናገር። እሱ ነገሩን ከባጃጁ አውጥቶ አደባባይ ላይ፣ ሬድዮ ላይ፣ ስብሰባ ላይ በይፋ መናገር ነው። ብዙ ጊዜ “አጌይንስት” ይከተለዋል፣ ስትቃወም።

ብዙዎቻችን የምንስተው ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሐሳቤን ተናገርኩ ለማለት “ስፒክ አፕ ማይ ኦፒኒየን” አይባልም። ምን እንደተናገርክ ከኋላው አይለጠፍም፣ በ“ስፒክ” እና በ“አፕ” መሐልም ምንም አይገባም። ሬድዮ ሲሆን ድምፁን ጨምረው ለማለት “ተርን ኢት አፕ” ይባላል፣ “ስፒክ ኢት አፕ” ግን የለም።

ስልክ ላይ ሲሆን ዘጠኙን ጊዜ ከአሥሩ ድምፅህን ነው የሚሉህ፣ በተለይ “አይ ካንት ሂር ዩ” (አልሰማህም) ከታከለበት። “ኢዝ ዚስ በተር?” (አሁን ይሻላል?) ብለህ ጮክ በል፣ አለቀ። አንተም ሰውን ስትጠይቅ “ስፒክ አፕ!” ብለህ ብቻ አትተወው፣ አፍ አውጣ እንጂ ብሎ እንደመቆጣት ነው። “ኩድ ዩ” እና “አ ሊትል” ስትጨምርበት፣ ትንሽ ጮክ ቢሉልኝ የሚለው ትሕትና ይመጣል።

አለቃህን በተመለከተ፣ እርጥበት የገባበት ቡና ቅምሻ ላይ ራሱ አፍ አውጥቶ ስለሚናገር ብዙም አትጨነቅ። ሌላ ጊዜ ዝናብ እየጣለ ከተደወለ ግን ቆርቆሮው ሥር ቆመህ አታንሳው፤ ኮርኒስ ያለው ክፍል ግባ።